ጥያቄ ቁጥር አርባ አንድ

ብቸና፣ ሰኞ፣ መጋቢት 6 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይህ ደብተር የመንግሥት ንብረት ነው። ለጥናት ሥራ ብቻ እንዲውል ፈርሜ የተረከብኩት ስለሆነ የግል ብሶት፣ የሰው ሐሜት፣ የምግብ ስሞታና የቁንጫ ጉዳይ አይጻፍበትም።

ትናንት ቁንጫ አላስተኛኝም።

የመጣሁበትን ጉዳይ በሥርዓቱ ልመዝግብ። የእጅ ሙያ ማሠልጠኛው ዳይሬክተር አቶ ሣህለ ማርያም በመስከረም ለብረታ ብረት ክፍል ሃያ አራት ሠልጣኝ መዝግበው ነበር። ዛሬ የቆጠርኳቸው አሥራ ሰባት ናቸው። የእንጨት ሥራው ሞልቷል፤ ግንበኛው ሞልቷል፤ የታይፕ ክፍሉማ ሰው በመስኮት ሊገባበት ምንም አልቀረው። ብረቱ ብቻ እንደተቀደደ ስልቻ ያፈሳል። ለምን? ይህን «ለምን» እንዲመልስ ነው በሶሺዮሎጂ የተመረቀ ሰው፣ ማለትም እኔ አካለ ወልድ፣ ስድሳ አራት ጥያቄ ያለው መጠይቅና ሁለት ካርቶን ወረቀት አሸክመው ከአዲስ አበባ የላኩት።

አቶ ሣህለ ማርያም ከጠረጴዛቸው ጀርባ ሆነው፣ «ኢንስፔክተሮቹ ግንቦት ሃያ አምስት ይመጣሉ» አሉኝ። «ያን ቀን ብረት በሚቀጠቀጥበት በመስፉ ዙሪያ አሥራ አምስት ሠልጣኝ ካልቆመ ክፍሉ ይዘጋል። ቤቱን ለታይፕ አደርገዋለሁ።»

«አሠልጣኙስ?»

«የሻው? ወደ መጣበት ይሄዳላ!»

ወደ መጣበት። አቶ የሻውን ከመጡበት ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኔ ለቅድመ ጥናት በመጣሁ ጊዜ፣ ሞጣ አጠገብ ካለው መንደራቸው ድረስ በበቅሎ ሄጄ፣ ከወናፋቸው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ «ቀጥቃጭ ዓይኑ ይበላል፣ ከቤቱ እህል አይቀመስም የሚለው ወሬ ካለመማር የመጣ ነው፤ እኛ በሳይንስ እናስተካክለዋለን፤ አይዞዎት» ብዬ አሳመንኳቸው። አገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ የሚያሠራበትን ጎጆ አፍርሰው፣ እንጨቱን ለጎረቤት ሰጥተው፣ ባለቤታቸውን አስከትለው መጡ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። «ሳይንስ» ማለት የእኔ ዘመድ ሳይመስላቸው አልቀረም።

መጠይቁን ለሙከራ ራሴ ሞላሁት። ጥያቄ ቁጥር 41፦ «ከቀጥቃጭ ቤት እህል ውሃ ይቀምሳሉ? (ሀ) አዎ (ለ) የለም (ሐ) አስተያየት የለኝም»። ያለ አንዳች ማመንታት «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ቀኑን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ስጨርስ ራሴን በጣም ወደድኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 8

መጠይቁ ወደ ሕዝብ ወጣ። ገበያ ዳር አንድ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አባቴ፣ ስንት ከብት አለዎት?» (ጥያቄ 7)

«የማን ከብት?»

«የእርስዎ።»

«እኔ ከብት የለኝም።»

«ይህ የያዙት በሬስ?»

ዞረው አዩት፤ ገና ዛሬ የተዋወቁ ይመስላሉ። «ይህ? ይህ መንገደኛ ነው።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዚህ አገር ግብር ሊተምኑ የመጡትም እንዲሁ ወረቀት ይዘው፣ እንዲሁ «አባቴ» እያሉ ነበር የጀመሩት። ያንን ነገር ማን ይረሳዋል?

እስከ ማታ አሥራ ዘጠኝ ሰው ጠየቅሁ። «ስለ መንግሥት አገልግሎት ምን ይሰማዎታል?» ስል አሥራ ዘጠኙም «ደግ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። በዚህ ስሌት ከብቸና የሚበልጥ ደስተኛ ከተማ በዓለም ላይ የለም። 41ኛውንም ጥያቄ አሥራ ዘጠኙም «አዎ» አሉ። እንግዲያው ሠልጣኞቹ ከምን ይሸሻሉ?

ዓርብ፣ መጋቢት 10

ሠልጣኝ 16። ቀለም አለቀ። ቁንጫው አላለቀም።

ሰኞ፣ መጋቢት 13

ከጠዋት እስከ ቀትር በብረት ክፍሉ ጥግ ተቀምጬ ተመለከትኩ። በእኛ ሙያ ይህ «ያለ ተሳትፎ የሚደረግ ምልከታ» ይባላል፤ በቁም ነገር መልክ ሌላው ሲሠራ መቀመጥ ማለት ነው።

አቶ የሻው ማስተማር ያውቃሉ። ብረቱን ከፍሙ በጉጠት መዝዘው ያወጡና፣ «ቀለሙን እይ! የደረሰ በርበሬ ሲመስል ምታ። ቢጫ ካየህ አሳልፈኸዋል፤ ጠቁሮ ከመታኸው ደግሞ እሱ ነው አንተን የሚመታህ» ይላሉ። እኔ እንኳ ገባኝ።

ከሠልጣኞቹ ታዘበው የሚባል አለ፤ አራት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቶ የወጣ ጎልማሳ፣ ምላሱ ከጉጠቱ ይልቅ አጥብቆ የሚይዝ። መዶሻውን አሳርፎ፣ «ጌታው፣ ምን ይጽፋሉ?» አለኝ።

«እናንተን እያየሁ እጽፋለሁ።»

«እኛስ እርስዎን እያየን እንጻፍ?»

«እኔ ምን አለኝና?»

«እሱን ነዋ የምናየው!» አለ። ሳቁ። አቶ የሻው አልሳቁም፤ ወናፉን ተመለከቱ።

ልወጣ ስል ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽ በር ላይ አገኙኝ። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጭቃ ነበር። «ከቤት ጎራ ይበሉ እንጂ፣ ልጄ! ካመጡን ዓመት ሊሞላን ነው፤ እህላችንን አልቀመሱልንም።»

«ጾም ነኝ እኮ፣ እማማ።»

«የሁላችን ጾም ነው። እኔ መች ቅቤ አልኩ? በዘጠኝ ሰዓት ሽሮ አለ፤ በዘጠኝ ሰዓት ይምጡ።»

በዘጠኝ ሰዓት አስቸኳይ ሪፖርት ነበረብኝ። (ሪፖርቱን የጻፍኩት በአሥራ አንድ ሰዓት ነው።)

ሐሙስ፣ መጋቢት 16

የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ርምጃ ተወሰደ። «የቀጥቃጭ ሥራ» የሚለው ስም ከሰነድ ሁሉ ተፍቆ «የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ክፍል» ተባለ። ሰሌዳ ተጻፈ። ለያንዳንዱ ሠልጣኝ ካኪ ካፖርት ታደለ። የሥነ ልቦናው ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ሰው በስሙ ካልተናቀ በሥራው አይናቅም።

የቤት አከራዬን እትዬ ይርጋነሽን ለሙከራ ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ቢባል ልጅዎን ይሰዳሉ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ብረት በእሳት አግሎ መሥራት።»

«ቀጥቃጭ በለኛ! ምን አለፋህ?»

ሰኞ፣ መጋቢት 20

ድል! ሠልጣኝ 19። ካኪው ሠራ። ለአዲስ አበባ ቴሌግራም ላክሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 21

ሠልጣኝ 17። ሁለቱ ከነካኪው ጠፉ። ቴሌግራም መመለስ ይቻል እንደሆን ጠየቅሁ። አይቻልም።

ዓርብ፣ መጋቢት 24

ሁለተኛው ርምጃ፦ የጋራ ማዕድ። መጽሐፉ እንደሚለው አብሮ የሚጠጣ ቡድን አይበተንም። ስለዚህ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጾሙን ጠብቀን፣ ለሁሉም ሻይና ዳቦ። አሥራ ስምንት ተመሳሳይ ስኒ በማሠልጠኛው ስም ተገዛ። ትናንት ተጀመረ።

ሻዩ ሲቀዳ አቶ የሻው ከካፖርታቸው ኪስ ጣሳ አወጡ። የቲማቲም ጣሳ ነው፤ ጠርዙን አጥፈው፣ እጀታ አብጅተውለታል፤ የእጅ ሥራው ያምራል። ማንም አላዘዛቸውም። «ስኒ አለ እኮ» አልኳቸው።

«ይቅር፣ ጌታዬ። ልጆቹ እንዳይቸገሩ። እኔ በዚህ ለምጃለሁ።»

ነገሩ ከነከነኝ፤ ለመጻፍ እንኳ ብዕሬ ከበደኝ። እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚኖረው? እኔ በበኩሌ ሻዬን የምጠጣው ከአዲስ አበባ ባመጣሁት በራሴ ብርጭቆ ነው። ይህ የንጽሕና ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ጋር አይያያዝም።

ዛሬ ደግሞ አሥራ አራት ሠልጣኞች የየራሳቸውን መጠጫ ይዘው መጡ። የጤና ትምህርት በዚህ ፍጥነት መስፋፋቱ ያስደስታል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 29

በኮቴ ኪስ ውስጥ የጤና አዳም ቅጠል አገኘሁ። እትዬ ይርጋነሽ ናቸው። «ከዚያ ሰውዬ ፊት ለፊት ስትውል ዝም ብዬ ልይህ?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ኋላ ቀር እምነት በቅጠል እንደማይመለስ፣ የሰው ዓይን ሰው እንደማይበላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲጨርሱም፣ «ታዲያ ቅጠሉን ጣልከው?» አሉ።

አልጣልኩትም። ሽታው ደስ ይላል።

ሞጣ፣ ሰኞ፣ ሚያዝያ 11

ፋሲካን ከወላጆቼ ጋር ለማክበር በጭነት መኪና መጣሁ። የአባቴ ድምፅ በፋሲካ ሌሊት በማኅሌት ቤተ ክርስቲያኑን አናወጠው፤ መሪጌታ ገብረ ሕይወት በሰባ ዓመታቸውም ከወጣት ደብተራ ጋር ይፎካከራሉ። ዛሬ ጠዋት ጸናጽላቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ሳለ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ስለ መጠይቁ፣ ስለ ካኪው፣ ስለ ሻዩ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ጸናጽሉን አንዴ አንኳኩት።

«ይህ የማን ሥራ ይመስልሃል?»

«ከአዲስ አበባ የመጣ አይደለም?»

«የዚያ የየሻው አባት ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት ሆነው። ሠርቶ ሲያመጣልኝ ደጃፍ ቆመ፤ ግባ አላልኩትም። ውሃ ጠማኝ ቢል በቅል ሰጠነው። ሲሄድ እናትህ ቅሉን ሰበረችው።» ጸናጽሉን ጨርቁ ውስጥ ጠቀለሉት። «ሠላሳ ዓመት በዚህ ሳመሰግን፣ አንዳንድ ቀን ያ ቅል ትዝ ይለኛል።»

እናቴ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። «እና አንተ ከዚያ ሰው ቤት እህል ቀመስክ?»

«አልቀመስኩም።»

«ተመስገን!»

እናቴን ስላልዋሸኋት ደስ አለኝ። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለም።

ብቸና፣ ረቡዕ፣ ሚያዝያ 20

ሠልጣኝ 16። ዛሬ በብረት ክፍሉ አንዲት ኢምንት ነገር ሆነች። ለጥናቱ ስለማትጠቅም አልጽፋትም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 21

ሠልጣኝ 9። ምናልባት በእርሻው ምክንያት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 23

ሠልጣኝ 8። ገበሬው መሬቱን ለክረምት እያለሰለሰ ነው፤ ልጁን ይፈልገዋል። ግልጽ ነው። እርግጥ የእንጨት ክፍሉ አንድም አልጎደለበትም፤ የእንጨት ሠሪ አባት አያርስም ይሆናል።

እሺ። ልጻፋት።

ረቡዕ ታዘበው የመጀመሪያ ማጭዱን ጨረሰ። እንከን የማይወጣለት፣ ሣሩን እንደ ምላጭ የሚልጭ፣ አንጀት የሚያርስ ማጭድ። በአቶ የሻው ወግ አንድ ተማሪ የመጀመሪያ መሣሪያውን ሲጨርስ መምህሩ ያበላዋል፤ የሚበላውም ከሥራው ቦታ፣ ከመስፉ አጠገብ ነው። ወይዘሮ ዘርፈሽ ዶሮ ወጥ ሠርተው መሶቡን ተሸክመው መጡ። ነጭ ለብሰዋል። መሶቡ ተከፈተ። አቶ የሻው ማጭዱን ለታዘበው በሁለት እጃቸው ሰጥተው መረቁት፤ «በል፣ ብላ» አሉት።

የታዘበው እጅ ወደ መሶቡ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። አሥራ ስድስቱም ሠልጣኞች ዞረው ያዩት መሶቡን አልነበረም፤ እኔን ነው። እንዴት እንዳዩኝ! ፈተና ላይ የጎረቤቱን ወረቀት እንደሚያይ ተማሪ።

ወይዘሮ ዘርፈሽ፣ «እርስዎ ይቅደሙ እንጂ፣ ልጄ፤ እርስዎ ናቸው ያመጡን» አሉ።

እኔም አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦ «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጾም ነኝ።»

ወናፉ ቆመ። አንድ ፍም ጠሽ አለ። ከዚያ ታዘበው በለሰለሰ ድምፅ፣ «በበዓለ ኀምሳ?» አለ።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን የብቸና ሕፃን ያውቀዋል፤ የብቸና ዶሮ ያውቀዋል፤ በተለይ ዶሮ። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ታዘበው እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወይዘሮ ዘርፈሽ መሶቡን በቀስታ ከደኑት። አቶ የሻው፣ «አታስጨንቋቸው፤ ይልመድባቸው» አሉ። ማንን እንዳሉ፣ ምን እንደሚለመድ አልጠየቅሁም።

ያቺ ኢምንት ነገር ይህች ናት። ከጥናቱ ጋር አትያያዝም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 28

ከክፍሉ የጠፉትን ሠልጣኞች በየቤታቸው እየሄድኩ ምክንያታቸውን ጠየቅሁ። መልሱ በሠንጠረዥ፦ ወገብ ሕመም፣ ሦስት። የአጎት ሞት፣ አራት። ምክንያት የማያስታውስ፣ አንድ። አራቱ ሟች አጎቶች በአንድ ሳምንት ማለቃቸው የጤና ጥበቃን ትኩረት ይሻል።

አቶ ሣህለ ማርያም ዛሬ የብረት ክፍሉን በእርምጃ ሲለኩ አየኋቸው። አሥር የታይፕ ጠረጴዛ ይይዛል አሉ። አቶ የሻው እዚያው መስፉ ላይ ማረሻ ይሞርዱ ነበር። ዳይሬክተሩ፣ «አንተ፣ ትንሽ ወዲያ በል፤ ግድግዳውን ልየው» አሏቸው። ወዲያ አሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 4

ታዘበው ካኪውን አጥቦ፣ አጥፎ፣ ቢሮዬ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«ምን ሆነህ ነው? ከሁሉም የበለጥክ አንተ ነህ እኮ!»

«እዚያ ጽፈውታል?»

«ምኑን?»

«ምክንያቱን።» ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም። «ጌታው፣ እኔ ማጭዴን ይዤ ቤቴ ስገባ እናቴ ደጅ አስቆመችኝ። ‹ከሰውየው ቤት በላህ?› አለችኝ። ‹ገና› አልኳት። ‹የተማረውስ ሰውዬ በላ?› አለችኝ። አዎ ብላት ታስገባኝ ነበር። ‹እሱ የመሪጌታ ልጅ፣ አዲስ አበባ የተማረ ከበላ ምን አስጨነቀኝ፣ ግባ› ልትለኝ አፏ ላይ ነበር። የሁሉም እናት እንዲሁ ናት። ይህ ከተማ መስከረም ላይ ልጁን የላከው እርስዎን አይቶ ነው፤ አሁንም እርስዎን እያየ ነው።»

«ብትዋሻትስ ኖሮ?»

«እኔም አስቤዋለሁ» አለ። «ግን እርስዎን አየሁና ውሸት አስጠላኝ።»

ሲወጣ ዞር ብሎ፣ «ጥያቄ አርባ አንድን አንብቤዋለሁ፤ እርስዎስ ምን ብለው ሞሉት?» አለኝ።

ስድሳ አራት ጥያቄ ሳዘጋጅ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። ሰው ስለ ከብቱ ይዋሻል፣ ስለ ግብሩ ይዋሻል፣ ስለ ልቡ ይዋሻል ብዬ በያንዳንዱ ላይ መቆጣጠሪያ አበጀሁ። አንድ ሰው ብቻ ያለ መቆጣጠሪያ አለፈ።

ነገ እሄዳለሁ። በዓለ ኀምሳው ገና አላለቀም፤ ሥጋውም ሽሮውም ይበላል። ከተማው እያየኝ ገብቼ እበላለሁ፤ ነገሩ ያልቃል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 5

አልሄድኩም። ዝናብ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7

አልሄድኩም። ሪፖርት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ሄድኩ። ከአጥራቸው ደርሼ ተመለስኩ። ውሻ አለ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 11

ውሻ የላቸውም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14

ሠልጣኝ 4። ዛሬም እስከ በሩ ደረስኩ። ወይዘሮ ዘርፈሽ ደጅ ላይ ምጣድ ያለሰልሱ ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝ፤ «ደህና ዋሉ» አሉኝ። «ይግቡ» አላሉኝም። ሁለት ጊዜ ለምነውኝ የለ? ሦስተኛውን ከእኔ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ «ልግባ?» የሚለውን ቃል በየትኛውም መጽሐፍ አልተማርኩትም። «ደህና ዋሉ» ብዬ አለፍኩ። የምሄድበት አልነበረኝምና ወንዝ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ሳስበው፣ ቡዳ ይበላኛል ብዬ አልፈራም። ይህን በማንኛውም መጽሐፍ እምላለሁ። የምፈራው እናቴ ስትጠይቀኝ «ቀመስኩ» ማለትን ነው። ይህ ከዚያኛው ይሻላል? ማታውን ሙሉ በሁለት ዓምድ ከፍዬ አወዳደርኩት። አይሻልም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 25

ኢንስፔክተሮቹ መጡ።

አቶ ሣህለ ማርያም ለካ ተዘጋጅተው ነበር። በብረት ክፍሉ ስገባ በመስፉ ዙሪያ አሥራ አምስት ካኪ ለባሽ ቆሟል። አራቱ የብረት ናቸው፤ አሥራ አንዱ የታይፕ። አንደኛው ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ዋናው ኢንስፔክተር ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ እርሳስ የሰካውን መርጠው፣ «እስቲ ብረቱን ከእሳት አውጣልን» አሉት። ልጁ ጉጠቱን በሁለት ጣቱ እንደ ብዕር ያዘው። ብረቱ ወድቆ የዳይሬክተሩን ጫማ ሊያቃጥል ለጥቂት ሳተ። አቶ ሣህለ ማርያም፣ «አዲስ ገቢ ነው» አሉ፤ እየዘለሉ።

ኢንስፔክተሩ አልሳቁም። ወደ አቶ የሻው ዞሩ። «እውነቱን ይንገሩኝ። ልጆቹ ለምን ሸሹ?»

አቶ የሻው እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አልነበረም፤ ብረት ከበርበሬነት ወደ ጥቁረት እስኪያልፍ ያህል ነው። አንድ ቃል ቢናገሩ ያበቃልኝ ነበር፤ እሳቸውም ምናልባት ይተርፉ ነበር። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ «ወቅቱ የእርሻ ነው፣ ጌታዬ» አሉ።

የእኔን ሰበብ ነው የደረቡልኝ፤ ካፖርት እንደሚያለብስ ሰው።

ኢንስፔክተሩ እኔን ጠየቁ። ሠላሳ ስምንት ገጽ ሪፖርት በብብቴ ይዣለሁ። «ወቅታዊ ተፅዕኖ ይታያል» አልኩ።

ክፍሉ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዎች ገቡ።

ዓርብ፣ ግንቦት 27

ዛሬ በድፍረት ሄጄ አጥራቸውን አለፍኩ፤ በሩን መታሁ። ባዶ ነው። ትናንት ጎህ ሲቀድ ወናፋቸውን በአህያ ጭነው ወደ መንደራቸው ሄዱ አለችኝ ጎረቤታቸው። አክላም፣ «ምነው፣ ዕዳ አለባቸው?» አለች።

«የለባቸውም። እኔ ላይ ነው ያለው።»

የብረት ክፍሉ ግድግዳ ሚስማር ላይ ጣሳው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ታይፒስቶቹ ሊነኩት አልፈለጉም። እኔ አወረድኩት።

ለእትዬ ይርጋነሽ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይሳደባሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ነው ነገርህ» አሉኝ። ከሄድኩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ እንዲህ አድርጎ ያጠቃለለኝ የለም። (የሄድኩት አንድ ነው።)

ረቡዕ፣ ሰኔ 2፣ ከሞጣ ወዲህ፣ የአቶ የሻው መንደር

ጰራቅሊጦስ እሑድ አለፈ፤ ሰኞ የሰኔ ጾም ገባ። እኔ ደግሞ ዕድሌ ነውና ዛሬ፣ በጾሙ፣ በረቡዕ፣ በስድስት ሰዓት ከመንደሩ ደረስኩ። ከጭነት መኪናው ወርጄ ሁለት ሰዓት በጭቃ ተጉዣለሁ።

ጎጆው የለም። ያፈረሱት ፈርሷል። መስፉ ዋርካ ሥር ተተክሏል፤ ከላዩ አንድ የቆዳ ቁራጭ ተወጥሮ ዝናቡን በግማሽ ይከለክላል። ወናፉ ላይ ታዘበው ተቀምጧል። ከጎኑ ከቀሩት አራት ሠልጣኞች ሁለቱ አሉ። ለካ ክፍሉ አልተዘጋም፤ ቦታ ለውጦ ነው።

አቶ የሻው ሲያዩኝ መዶሻቸውን አላቆሙም። ታዘበው ግን፣ «ጋሼ የሻው፣ እንግዳ መጥቷል» አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጌታው፣ ዛሬስ?» አለኝ።

«ዛሬ እውነተኛ ጾም ነው» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ወይዘሮ ዘርፈሽ በጭቃ እጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አቶ የሻው እንኳ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ያን ቀን ያልሳቁልኝን ሳቅ ዛሬ ከነወለዱ ከፈሉኝ።

ጣሳቸውን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ከዚያ ያን በየትኛውም መጽሐፍ ያልተማርኩትን ቃል አወጣሁት፤ ድምፄ የልጅ ሆነብኝ። «እማማ ዘርፈሽ፣ በዘጠኝ ሰዓት ሽሮ ይኖራል?»

እሳቸው አቶ የሻውን አዩ። አቶ የሻው ብረቱን አዩ። «ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ ነው» አሉ። «እስከዚያ ወናፍ ይንፉ፤ ታዘበው መዶሻ ይያዝ።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ ወናፍ ነፋሁ። ይህ «በተሳትፎ የሚደረግ ምልከታ» ይባላል። መዳፌ አራት ቦታ ተላጠ። መንደርተኛው በመንገዱ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝ፤ አንዲት እንስራ ያዘለች ሴት፣ «ያ የሞጣው የመሪጌታ ልጅ አይደለም?» ስትል ሰማሁ። እስከ ማታ እናቴ ጆሮ ይደርሳል። ይድረስ።

ወናፉን እየነፋሁ ታዘበውን፣ «እናትህስ?» አልኩት።

«እርስዎ ሲውጡ አይቼ እነግራታለሁ። ሳይውጡ አልናገርም፤ አንዴ ተታልያለሁ።»

አቶ የሻውን ደግሞ፣ «በኢንስፔክተሩ ፊት ለምን ሸፈኑኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብረቱን አገላብጠው አዩት። «ብቀጠቅጥዎ ምን ይወጣዎታል?» አሉ። «ገና አልጋሉም ነበር።»

ስለ ጎጆው አንድም ቃል አልተናገሩም። ክረምቱ ግን ደጅ ላይ ነው፤ ያ ቆዳ ሐምሌን አይችልም። እንጨቱን የወሰደው ጎረቤት አጥር አድርጎታል። ነገ እኔና ታዘበው ጫካ እንወርዳለን። ይህን የሚያስተካክል ሳይንስ መጥረቢያ ይባላል።

በዘጠኝ ሰዓት ሽሮው መጣ። ሁሉም እጃቸውን ታጥበው ዞረው አዩኝ። ያው ዓይን ነው፤ ያው የፈተና ዓይን። ቆረስኩ፤ አጠቀስኩ፤ ጎረስኩ፤ ዋጥኩ። ታዘበው ጉሮሮዬን እያየ ነበር። «ወርዷል» ብሎ አወጀና እጁን ሰደደ። ከዚያ ሁሉም።

ጨው በዝቶበታል። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ወይዘሮ ዘርፈሽ ውሃ በዚያው በጣሳው ሞልተው ሰጡኝ፤ ጠጥቼ መለስኩላቸው። ጣሳው ከእኔ ወደ ታዘበው፣ ከታዘበው ወደ ሌሎቹ ዞረ። የሚሰበር ነገር አልነበረም።

አሁን ዋርካው ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ የተላጠው መዳፌ ብዕሩን እንደ ጉጠት አስይዞኛል። በመጋቢት ለሙከራ የሞላሁትን መጠይቅ ከደብተሩ መሐል አወጣሁት። ጥያቄ ቁጥር 41፤ «አዎ»፤ ፊርማ፤ መጋቢት 6።

መልሱን አልነካሁትም። ቀኑን ሰርዤ ሰኔ 2 ብዬ ጻፍኩ።